የፎቶ ማጉያ

የፎቶ ማጉያ (በፎቶ ቤቶች የተለመደ አጠራር ኢንላርጀር) ታጥቦ በደረቀ ፊልም ላይ ያለን ትንሽ ምስል በመብራትና በሌንስ አማካይነት አጉልቶ በፎቶ ወረቀት ላይ የሚያሳርፍ የጨለማ ክፍል መሣሪያ ነው። አሠራሩ ከሲኒማ ማሳያ ጋር ይመሳሰላል፤ ሲኒማው ምስሉን ወደ ፊት ግድግዳ ላይ ሲጥል ማጉያው ወደ ታች ጠረጴዛ ላይ ይጥላል። ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ዲጂታል ካሜራ እስኪስፋፋ ድረስ በፎቶ ቤቶች፣ በጋዜጣ ዝግጅት ክፍሎች፣ በሆስፒታሎችና በትምህርት ተቋማት ውስጥ ይገኝ ነበር። ዛሬ በአብዛኛው የሚገኘው በአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው። የሚፈልጉትም በፊልም ማንሳት የጀመሩ ወጣቶች፣ የሥነ ጥበብ ተማሪዎችና የቆዩ ኔጋቲቮችን ወደ ምስል መመለስ የሚሹ ሰዎች ናቸው። ይህ የመጨረሻው ፍላጎት እንደ ወላይታ ሶዶ ላሉ ከተሞች የተለየ ትርጉም አለው። የሁለትና የሦስት ትውልድ የቤተሰብ ምስል በፎቶ ቤት ሣጥንና በቤት ኮሮጆ ውስጥ በኔጋቲቭ መልክ የቀረበት ቦታ ብዙ ነውና።

አካላቱና አሠራሩ

ማጉያ ከላይ ወደ ታች ሲታይ ስድስት ያህል ዋና ክፍሎች አሉት። ከሁሉ በላይ አምፖሉ ያለበት የመብራት ቤት ይገኛል። ከሥሩ ብርሃኑን ሰብስቦ እኩል የሚያሰራጭ ክፍል አለ፤ ይህም በአንዳንዱ ሥሪት ወፍራም የመስታወት ሌንስ (ኮንደንሰር)፣ በሌላው ደግሞ ብርሃኑን የሚበትን ነጭ ሣጥን ነው። ቀጥሎ ኔጋቲቩ ጠፍጥፎ የሚገባበት መያዣ፣ ከዚያ እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋና የሚሰበሰብ ጥቁር መሸፈኛ፣ ከታቹም ሌንሱ ይመጣል። ይህ ሁሉ «ራስ» ተብሎ በአንድ ላይ ከቋሚ ምሰሶ ጋር ታስሮ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል። ምሰሶው የቆመው ወፍራም ሰሌዳ ላይ ሲሆን የፎቶ ወረቀቱም የሚነጠፈው እዚያው ላይ ነው።

ራሱ ከፍ ሲል ምስሉ ይተልቃል፣ ዝቅ ሲል ያንሳል። ለ35 ሚሊ ሜትር ፊልም (የአንዱ ምስል ስፋት 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነው) የተለመደው ሌንስ 50 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርዝመት ያለው ነው። በዚህ ሌንስ አሥር እጥፍ ለማጉላት ከሌንሱ እስከ ወረቀቱ 55 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ከኔጋቲቩ እስከ ሌንሱ ደግሞ 5 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ርቀት ያስፈልጋል፤ የሚወጣውም ምስል 24 በ36 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ለ6 በ6 ሳንቲ ሜትር ኔጋቲቭ 75 ወይም 80፣ ለ6 በ9 ደግሞ 105 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይመረጣል። ትልቅ ኔጋቲቭ ላይ አጭር ሌንስ ከተገጠመ የምስሉ ማዕዘኖች ይጨልማሉ።

ምስሉ በተለቀ ቁጥር ያው ብርሃን በሰፊ ቦታ ላይ ስለሚዘረጋ ወረቀቱ ረዘም ላለ ጊዜ መበራት አለበት። አራት እጥፍ በጎላ ፎቶ (ፖስት ካርድ የሚያህል) 8 ሰከንድ የበቃው ኔጋቲቭ፣ አሥር እጥፍ ሲጎላ ሌላው ነገር ሁሉ ሳይለወጥ 39 ሰከንድ ገደማ ይጠይቃል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ለእያንዳንዱ የማጉላት ቁጥር አንድ ተደምሮበት በራሱ ይባዛል፣ ከዚያ ሁለቱ ይካፈላሉ። ማለትም 11 በ11 ሲባዛ 121፣ 5 በ5 ሲባዛ 25፤ 121 ለ25 ሲካፈል አምስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። ልምድ ያለው አታሚ ግን ሲያሰላ አይታይም፤ ከወረቀቱ ጠባብ ቁራጭ ቀድዶ በየ3 ወይም በየ5 ሰከንዱ በካርቶን እየጋረደ ያበራና የትኛው ሰዓት እንደሚስማማ ዓይቶ ይወስናል።

ሥራው የሚከናወነው በቀይ ወይም በብርቱካናማ መብራት ነው፤ ጥቁርና ነጭ የፎቶ ወረቀት እነዚህን ቀለማት እምብዛም አይሰማምና። ብርሃን ያረፈበት ወረቀት ገና ምንም አይታይበትም። አውጪው ፈሳሽ (ዴቨሎፐር) ውስጥ ሲነከር በአንድ ደቂቃ ገደማ ምስሉ እየጠቆረ ይወጣል። ቀጥሎ በቀላል አሲድ ይቆማል፣ ከዚያ ፊክሰር በሚባለው ፈሳሽ ያልጠቆረው የብር ጨው ተጠርጎ ይወገዳል፣ በመጨረሻም በውሃ ይታጠባል። ፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ሁለት ደቂቃ ያህል መታጠብ ሲበቃው፣ ያልተለበጠው ወፍራም ወረቀት እስከ አንድ ሰዓት ሊጠይቅ ይችላል። በዚህ መታጠብ ላይ የተሰነፈ ፎቶ ከዓመታት በኋላ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል፤ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የሚታየው የወየበ ጉርድ ፎቶ ብዙ ጊዜ የዚህ ውጤት ነው።

ማጉያ ለአታሚው የሚሰጠው ሌላው ነገር ምስሉን በከፊል የማረም ነጻነት ነው። መብራቱ በርቶ ሳለ በሽቦ ጫፍ ላይ በተለጠፈ ትንሽ ካርቶን የአንድን ሰው ፊት ጋርዶ ማቅላት፣ ወይም ቀዳዳ ባለው ካርቶን ሌላውን ከልሎ አንዱን ቦታ ብቻ ማጥቆር ይቻላል። ይህ ዘዴ በኢትዮጵያ ፎቶ ላይ በተለይ ይጠቅማል። ጠይም ፊት ያለው ሰው ነጭ ነጠላ ወይም ጋቢ ለብሶ ሲነሳ፣ ፊቱ እንዲለይ ሆኖ ከታተመ ነጠላው ወረቀት መስሎ ይቀራል፤ የነጠላው ጥለት እንዲታይ ከታተመ ደግሞ ፊቱ ይጨልማል። መካከለኛውን የሚያገኘው በእጁ የሚጋርደው አታሚ ነው። የወላይታ ዱንጉዛ ሌላ ችግር ያመጣል። ጥንታዊ ፊልሞች ቀይ ቀለም ስለማይሰማቸው የዱንጉዛው ቀይና ጥቁር መስመር አንድ ላይ ጠቁረው ቢጫው ብቻ ለብቻው ይታያል፤ ቀይም የሚሰማው ዘመናዊ ፊልም ግን ቀዩን ግራጫ አድርጎ ይለየዋል። ስለዚህ አንድን የቆየ የዱንጉዛ ፎቶ አይቶ «ይህ ሌላ ዓይነት ጥለት ነው» ከማለት በፊት የፊልሙን ዓይነት ማሰብ ይገባል።

ታሪክ

የመጀመሪያዎቹ ማጉያዎች በፀሐይ የሚሠሩ ነበሩ። አሜሪካዊው ዴቪድ ዉድዋርድ እ.ኤ.አ. በ1857 በባልቲሞር የባለቤትነት መብት ያገኘበት መሣሪያ ከመስኮት ውጭ ባለ መስታወት ፀሐይን ይዞ በኔጋቲቩ በኩል የሚያሳልፍ ነበር፤ ፀሐይዋ ስትዞርም መስታወቱ እየተከተላት መዞር ነበረበት። በዚያ ዘመን ወረቀቶቹ ለብርሃን ዘገምተኛ ስለነበሩ አብዛኛው ሰው ማጉላቱን ትቶ ወረቀቱን ከኔጋቲቩ ጋር አጣብቆ ፀሐይ ላይ ያሰጣው ነበር። በዚህ መንገድ የሚወጣው ፎቶ መጠኑ ከኔጋቲቩ ጋር እኩል ነው፤ ትልቅ ፎቶ የፈለገ ትልቅ ካሜራ መሸከም ነበረበት።

በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፈጣን የጄላቲን ወረቀቶች ሲመጡ በመብራት ማጉላት ቀለለ። ነገሩን የግድ ያደረገው ግን በ1925 ለገበያ የቀረበው የጀርመኑ ላይካ ካሜራ ነው። ላይካ ከሲኒማ ፊልም የተወሰደ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ምስል ያነሳ ስለነበር ሳይጎላ የሚታይ ፎቶ አይሰጥም፤ የካሜራው ሠሪ ላይትስም ማጉያውን አብሮ መሸጥ ያዘ። ከዚያ ወዲህ ትንሽ ካሜራና ማጉያ ተለያይተው አያውቁም፣ እስከ ዲጂታል ዘመን ድረስ።

በ1940 የእንግሊዙ ኢልፎርድ አንዱ ወረቀት በማጣሪያ ቀለም ብቻ ደብዛዛም ደማቅም እንዲሆን የሚያስችለውን መልቲግሬድ አወጣ። ከዚያ በፊት አታሚው ለደብዛዛ ኔጋቲቭ አንድ፣ ለደማቅ ሌላ ፓኮ ወረቀት መያዝ ነበረበት። ለትንሽ ፎቶ ቤት ይህ የካፒታል ጉዳይ ነው።

በኢትዮጵያ

ፎቶግራፍ ወደ ኢትዮጵያ በሰፊው የገባው በጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 በመቅደላ ዘመቻ የመጣው የእንግሊዝ ጦር የፎቶ ክፍል ይዞ ነበር። ወደ ወላይታም የገባው እንዲሁ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1894 መጨረሻ) በንጉሥ ጦና ላይ ሲዘምቱ ጋስቶን ቫንደርሄይም የተባለ ፈረንሳዊ ካሜራ ይዞ አብሮ ሄደ፤ በ1896 በፓሪስ ያሳተመው መጽሐፍ በራሱ ፎቶዎች ላይ ተመሥርተው በተሠሩ ሥዕሎች የታጀበ ነው። ለወላይታ ታሪክ አጥኚ ይህ መጽሐፍ አስፈላጊም አስቸጋሪም ነው፤ አስቸጋሪነቱ የሚታየው ሁሉ ከዘማቹ ጎን ሆኖ የታየ በመሆኑ ነው። ከ1928 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሶዶ አጠገብ ኦቶና ላይ የሰፈሩት የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን፣ በ1950ዎቹም በደቡብ ኢትዮጵያ የተዘዋወሩት የፍራንክፈርቱ ፍሮቤኒየስ ተቋም አጥኚዎች የየራሳቸውን ምስል አንስተዋል። በውጭ ሰዎች የተነሱ እነዚህ ምስሎች ኔጋቲቮቻቸው ያሉት በአብዛኛው በውጭ አገር ነው።

በአዲስ አበባ ሙያውን ያቋቋሙት በተለይ አርመናውያን ነበሩ። ከእነዚህ የቦያጂያን ቤተሰብ ይጠቀሳል፤ አባትየው ቤድሮስ ቦያጂያን የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፣ ልጆቹም ሙያውን ወርሰዋል። በኋላ ኢትዮጵያውያን ሙያውን ተረከቡ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በቤተ መንግሥት ያገለገሉትና ኋላ በሎንዶን የኖሩት ሽመልስ ደስታ ከታወቁት አንዱ ናቸው። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ጄራር እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት ከ1867 እስከ 1935 የተነሱ የኢትዮጵያ ፎቶዎች ስብስብ ለዚህ ታሪክ መነሻ የሚሆን መጽሐፍ ነው።

የማጉያው እውነተኛ አገልግሎት ግን የሚታየው በቤተ መንግሥት ሳይሆን በክፍለ ሀገር ከተማ ፎቶ ቤት ነው። ፎቶ ቤቱ ከፊት ለፊት ማሳያ መስታወት፣ ከኋላው መጋረጃና ሥዕል ያለበት ማንሻ ክፍል፣ ከዚያም በስተኋላ በጥቁር ጨርቅ የተዘጋ ጠባብ ክፍል ነበረው። ሥራው የተመሠረተው በጉርድ ፎቶ ነው። በ1967 ዓ.ም. ቀበሌዎች ከተቋቋሙ በኋላ መታወቂያ፣ የተማሪዎች የመልቀቂያ ፈተና መግቢያ፣ የሠራተኛ ማኅደር፣ መንጃ ፈቃድ ሁሉም ጉርድ ፎቶ ይጠይቁ ነበር። ለጉርድ ፎቶ ማጉያው እምብዛም አይደክምም፤ ከ24 በ36 ሚሊ ሜትር ፊልም 3 በ4 ሳንቲ ሜትር ፎቶ ማውጣት ጥቂት ብቻ ማጉላት ነው። ራሱ ከምሰሶው ከፍ የሚለው ለሠርግ፣ ለምረቃ፣ በወላይታም ለጊፋታ ከየአገሩ ተሰብስቦ ለተነሳ ቤተሰብ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ሰው ሲሞት፤ የቤተሰብ አባል ሟቹ ለመታወቂያ የተነሳውን ጉርድ ይዞ መጥቶ «አሳድጉልኝ» ይላል። ኔጋቲቩ በፎቶ ቤቱ ከተገኘ ሥራው የደቂቃዎች ነው። ካልተገኘ ጉርዱ ራሱ እንደገና ፎቶ ተነስቶ ከዚያ ይጎላል፤ ፊቱም በዚያ መጠን ይደበዝዛል። ኔጋቲቭ በቁጥር ማስቀመጥ የፎቶ ቤት ሥርዓት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የቀለም ፎቶ ሲመጣ ሁኔታው ተለወጠ። ቀለም በእጅ ለማተም የሙቀት መጠኑ በጥብቅ መጠበቅ አለበት፤ ስለዚህ ከክፍለ ሀገር ፊልሙ ወደ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ መላክ ጀመረ። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንሥቶ በዓለም የተስፋፋው ራሱን በራሱ የሚያጥብና የሚያትም ማሽን ማጉያውን ከብዙ ፎቶ ቤት አስወጣ፤ የቀረውን ዲጂታል ካሜራና የኮምፒውተር ማተሚያ ጨረሱት።

የታወቁ ሥሪቶች

በ35 ሚሊ ሜትር ማጉያ ስሙ የሚነሳው የላይትስ ፎኮማት ነው። ፎኮማት አንድ ሲ የሚባለው ራሱ ሲወጣና ሲወርድ ሌንሱን አብሮ እያስተካከለ ምስሉ ሳይደበዝዝ መጠኑን ይለውጣል። ብረቱ ወፍራም፣ እንቅስቃሴው የተስተካከለ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው። ፎኮማት ሁለት ሲ እስከ 6 በ9 ይቀበላል፣ ነገር ግን ሌንሶቹ ከመሣሪያው ጋር የተጣጣሙ ስለሆኑ ከጎደሉ በሌላ መተካት ያስቸግራል።

የጣሊያኑ ዱርስት፣ እ.ኤ.አ. በ1936 በብሪክሰን ከተማ የተመሠረተው፣ ከሁሉ በብዛት የሚገኝ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኤም 605 እስከ 6 በ6 ኔጋቲቭ ይይዛል፤ የቀለም ራስ ያለው ዓይነት ቢጫ፣ ማጀንታና ሲያን ማጣሪያዎች በውስጡ ስላሉት ለመልቲግሬድ ወረቀትም ያገለግላል። ኩባንያው ማጉያ መሥራት ትቶ ዛሬ ትላልቅ የኢንዱስትሪ ማተሚያዎችን ይሠራል። የቼኮዝሎቫኪያው ሜዮፕታ ኦፔሙስ ርካሽና ጠንካራ ነው። የአሜሪካዎቹ ኦሜጋና ቤዘለር ግዙፍ ናቸው፤ ቤዘለር 23 ሲ እስከ 6 በ9፣ ኦሜጋ ዲ 2 እስከ 4 በ5 ኢንች ይቀበላሉ። የእንግሊዙ ዴ ቪር 504 የሙያ አታሚዎች ሥራ ፈረስ ነበር፣ ግን አንድ ሰው ብቻውን አያነሳውም። የሶቪየት ኅብረት ኡፓ ተጣጥፎ በሻንጣው ውስጥ ይገባል፤ ትልቅ ፎቶ ላይ ምሰሶው ቢወዛወዝም ለተማሪ የሚናቅ አይደለም።

ከማጉያው ይልቅ በሌንሱ ላይ ገንዘብ ማውጣት ይሻላል። የሽናይደር ኮምፖኖን ኤስ፣ የሮደንስቶክ ሮዳጎንና የኒኮን ኤል ኒኮር ስድስት መስታወት ያላቸው ምርጥ ሌንሶች ናቸው። ጥሩ ሌንስ በርካሽ ማጉያ ላይ ጥሩ ፎቶ ይሰጣል፤ በፎኮማት ላይ የተገጠመ ሻጋታ የበላው ሌንስ ግን ምንም አያድንም።

የአሮጌ ማጉያ ገበያ

ዲጂታል ሲስፋፋ ማጉያ ከጌጣጌጥ በታች ሆነ። ኮዳክ በ2005 (እ.ኤ.አ.) የጥቁርና ነጭ ወረቀት ማምረት እንደሚያቆም አስታወቀ፤ ኢልፎርድ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ለኪሳራ ተዳርጎ በአዲስ ባለቤትነት ተረፈ። በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ትምህርት ቤቶች የጨለማ ክፍላቸውን ዘግተው ማጉያዎቹን በነጻ ሰጡ፣ ወይም ጣሉ። ፊልም እንደገና ሲወደድ ዋጋው ከፍ ብሏል፤ ያም ሆኖ ከካሜራ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ማጉያ አሁንም ርካሽ ነው። ምክንያቱ ክብደቱ ነው። ካሜራ በፖስታ ይላካል፣ 20 ኪሎ የሚመዝን ባለ ምሰሶ ብረት ግን የማጓጓዣ ዋጋው ከራሱ ይበልጣል። ስለዚህ ማጉያ የሚገዛው ባለበት ከተማ ነው። ለኢትዮጵያ ገዢም ከውጭ ከማስመጣት ይልቅ የተዘጋ ፎቶ ቤት ዕቃ መጠየቅ ይቀናዋል።

ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው ምሰሶው ነው። ራሱን ከላይ አድርሶ በጣት ገፋ ሲያደርጉት ቶሎ መቆም አለበት፤ እየተወዛወዘ ከቀጠለ ፎቶው ይደበዝዛል፣ ካልሆነም ምሰሶው ከግድግዳ ጋር መታሰር አለበት። ቀጥሎ የኔጋቲቩ መያዣ፣ የሌንሱ ሰሌዳና የታችኛው ሰሌዳ ሦስቱም አግድም መሆናቸው ይፈተሻል፤ ለዚህ የግንበኛ ውሃ ልክ ይበቃል። ሦስቱ ካልተስማሙ የምስሉ አንድ ጎን ጥርት ሲል ሌላው ይደበዝዛል፣ የዚህ ችግር ባለቤትም ብዙ ጊዜ ሌንሱን ያማል። ሌንሱን ወደ መብራት ይዞ ማየት ነው፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው። ተጣጣፊው ጥቁር መሸፈኛ ተዘርግቶ ከውስጥ በመብራት ሲፈተሽ ብርሃን ማሳለፍ የለበትም፤ ትንሽ ቀዳዳ በጥቁር ቴፕ ይደፈናል።

የኔጋቲቭ መያዣ መጥፋት የተለመደ ጉድለት ነው። አብዛኛው ገዢ በዚህ ምክንያት ይተወዋል፣ ያለ በቂ ምክንያት። ከወፍራም ጥቁር ካርቶን ወይም ከቆርቆሮ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ሁለት ገጽ ማስቆረጥ ለማንኛውም ብረት ሠሪ ቀላል ነው፤ ጠርዙ ለስልሶ ጥቁር መቀባት አለበት እንጂ። የጎደለ ኮንደንሰር ግን ሌላ ነገር ነው፣ እሱን የሚተካ በቀላሉ አይገኝም።

ኤሌክትሪኩ መረሳት የለበትም። ኢትዮጵያ 220 ቮልት ስትጠቀም የአሜሪካ ገበያ ኦሜጋና ቤዘለር በ110 እና በ120 መካከል ላለ ቮልት የተሠሩ ናቸው፤ ያለ ትራንስፎርመር ከተሰኩ አምፖሉ በቅጽበት ይቃጠላል። የጀርመን፣ የጣሊያንና የቼክ ሥሪቶች ይህ ችግር የለባቸውም። የማጉያ አምፖል ፊቱ ወተት መሳይ፣ ጽሑፍ የሌለበት መሆን አለበት፤ ፊቱ ላይ የፋብሪካ ስም የታተመበት ተራ አምፖል ከተገጠመ ስሙ ሊጎላ ይችላል።

አዲስ ማጉያ ጨርሶ አልጠፋም። የእንግሊዙ ኢንትሬፒድ ኩባንያ በኤል ኢ ዲ የሚሠራ ቀላል ማጉያ ለገበያ አቅርቧል። ይሁንና የአሮጌዎቹን ምሰሶና ብረት የሚስተካከል አዲስ ሥሪት በዚያ ዋጋ ማግኘት አይቻልም።

በሶዶ አየርና መብራት

ወላይታ ሶዶ፣ የወላይታ ዞን ዋና ከተማና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አስተዳደር መቀመጫ፣ በዳሞታ ተራራ ግርጌ በወይና ደጋ ላይ ትገኛለች። ለጨለማ ክፍል ይህ ዕድል ነው። የጥቁርና ነጭ ኬሚካሎች የሚመከረው ሙቀት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን የሶዶ አየር ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ውሃ ማሞቅም ማቀዝቀዝም ሳያስፈልግ የሚሠራበት ቀን ብዙ ነው። ወደ ሁምቦና ወደ አባያ ሐይቅ ሲወረድ ግን ሙቀቱ ፈሳሹን ያፈጥነዋል፣ የፊልሙንም ጄላቲን ያለሰልሳል፤ እዚያ የሚሠራ ሰው ሌሊቱን ወይም ማለዳውን ይመርጣል።

የመብራት ኃይል መዋዠቅ ከመጥፋቱ ይልቅ ያሳስታል። መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል፣ ይታወቃል። ቮልቱ ቀስ ብሎ ሲወርድ ግን አምፖሉ ደብዝዞ ያው 10 ሰከንድ ቀጭን ፎቶ ያወጣል፣ አታሚውም ኬሚካሉ የሞተ ይመስለዋል። ስታቢላይዘር ለማጉያ ቅንጦት አይደለም። ዝቅተኛ ኃይል የሚወስድ የኤል ኢ ዲ አምፖል በባትሪ ማሠራት ሌላው መፍትሔ ነው፤ ያን ጊዜ ግን የመልቲግሬድ ማጣሪያዎቹ ከአምፖሉ ቀለም ጋር መስማማታቸው እንደገና መሞከር አለበት።

ያገለገለ ፊክሰር ብር ስለሚይዝ ወደ ወራጅ ውሃ አይደፋም። ከወረቀቱና ከኬሚካሉ ዋጋ ጋር ሲታይ ማጉያው ራሱ የወጪው ትንሹ ክፍል ነው፤ ሁለቱም የሚያልቁና ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ማጉያ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት የወረቀቱን መገኛ ነው።

ማጉያውና የቆዩ ኔጋቲቮች

ፎቶ ቤት ሲዘጋ ወይም ባለቤቱ ሲሞት ካሜራው ይሸጣል፣ መጋረጃው ይሸጣል፣ ኔጋቲቩ ግን ገዢ የለውም። ቦታ ስለሚይዝ ይጣላል ወይም ይቃጠላል። ከእያንዳንዱ ሣጥን ጋር የሚጠፋው የአንድ ሰፈር የመታወቂያ ፊቶች፣ የትምህርት ቤት ቡድኖች፣ ሠርጎችና ለቅሶዎች ናቸው፤ በማንኛውም የመንግሥት መዝገብ ውስጥ ያልገባ ታሪክ። በአዲስ አበባ ቪንቴጅ አዲስ አበባ የተባለው ሥራ የቤተሰብ ፎቶዎችን ሰብስቦ በመጽሐፍ አሳትሟል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም የፎቶ ስብስብ አለው። ለወላይታ ይህን ሊሠራ የሚችል ተቋም ቢታሰብ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በቅርብ ይገኛል።

ለዚህ ሥራ አሮጌ ማጉያ ወረቀትና ኬሚካል ሳይኖርም ይጠቅማል። ራሱ ከምሰሶው ተነቅሎ በምትኩ ዲጂታል ካሜራ ወደ ታች እንዲያይ ተደርጎ ሲታሰር፣ ከሥሩም ነጭ የኤል ኢ ዲ ሰሌዳ ተደርጎ ኔጋቲቩ ሲቀመጥበት፣ ማጉያው የኔጋቲቭ መገልበጫ ማቆሚያ ይሆናል። ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ዘወር፣ አግድም የሆነው ሰሌዳ፣ የማይወዛወዘው ምሰሶ ሁሉም ለዚህ የተሠሩ ይመስላሉ። ካሜራው ላይ የማጉያውን ሌንስ መግጠምም ይቻላል፤ ለቅርብ ርቀትና ለጠፍጣፋ ነገር የተሠራ ስለሆነ ከተራ የካሜራ ሌንስ ይሻላል። በአንድ ሰዓት በመቶዎች የሚቆጠር ኔጋቲቭ መገልበጥ ይቻላል። የጨለማ ክፍል ወዳጆች ማጉያ ሲበተን ማየት ቢያሳዝናቸውም፣ ኮንደንሰሩ የጠፋ ማጉያ በዚህ መንገድ ከመጋዘን ይሻለዋል።

ኔጋቲቮቹ ከመነካታቸው በፊት መለየት አለባቸው። ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፊት ከተሠሩት ፊልሞች አንዳንዶቹ ናይትሬት ናቸው፤ በቀላሉ የሚቀጣጠሉ ስለሆኑ በሞቀ ኮንደንሰር ማጉያ ውስጥ አይገቡም፣ ከሌሎቹም ጋር አይቀመጡም። ከእነሱ በኋላ የመጡት አሲቴት ፊልሞች ሲበላሹ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታሉ፣ ይጨማደዳሉም፤ ሽታው የተሰማበት ሣጥን ከሌላው ቀድሞ መገልበጥ አለበት። የተጣበቁ ኔጋቲቮች በጣት አይላቀቁም። በፖስታው ላይ በእስክሪፕቶ የተጻፈው ቁጥር፣ ስምና ቀን ከምስሉ ጋር አብሮ መገልበጥ አለበት፤ ፖስታው ከተለየ በኋላ ፊቱን ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ከሶዶ ገበያ ተፈልጎ ሊገኝም ላይገኝም ይችላል።